ሲፓፕ አድርገው እያደሩ ቀን ቀን ማዛጋት ለምን?



በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ የሚቸገሩ፣ በሕክምናው አጠራር ስሊፕ አፕኒያ እንዳለባቸው በምርመራ የተነገራቸውና ሲፓፕ የተባለው የአየር ማሽን የታዘዘላቸው ወገኖች በመካከላችን አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ማሽኑን ከጀመሩ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፦ “ሌሊቱን ሙሉ ይህን ጭምብል ፊቴ ላይ አስሬ አድራለሁ፤ ነገር ግን ቀን በሥራ ቦታም ሆነ በጉባኤ መካከል ማዛጋቴ አልቆመም። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?”

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚያስከትለው ውሳኔ ግን ቀላል አይደለም። “አልጠቀመኝም” ብሎ ማሽኑን አልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ወደ ቀድሞው ሕመሙ ይመለሳል። ይህ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ከደም ግፊት፣ ከልብ ምት መዛባት፣ ከስትሮክና ከመኪና አደጋ ጋር የተያያዘ መሆኑ በሚገባ የታወቀ ነው። ስለዚህ ማዛጋቱ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ የሚሠራው ምንድን ነው?

በብዛት የሚታየው የስሊፕ አፕኒያ ዓይነት እንዲህ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች የአየሩ መተላለፊያ በዚህ የተነሣ ይጠብባል ወይም ጨርሶ ይዘጋል፤ ትንፋሽም ለ10 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቆማል። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም አደጋውን ተረድቶ ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ጉሮሮው ይከፈታል፣ በኃይለኛ ማንኮራፋት ትንፋሹ ይመለሳል። ሰውየው ጠዋት ከዚህ ሁሉ አንዳች ላያስታውስ ይችላል፤ የምታውቀው አጠገቡ የተኛችው ሚስቱ ናት። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከደረሰ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ ማለት ነው። በየሁለት ደቂቃው ትከሻውን እየነቀነቁ ቢያሳድሩት ቀን የማያዛጋ ማን አለ?

አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫንና ባልደረቦቹ ለዚህ ችግር ያገኙትን መፍትሔ በ1981 በሕክምና መጽሔት ላይ አስነበቡ። መፍትሔውም በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት እየሰጡ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከውስጥ ደግፎ መያዝ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያለው ሲፓፕ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ማሽኑ ኦክስጅን አይሰጥም። የሚነፋው የዚያው መኝታ ክፍል አየር ነው፤ ሥራው በር ከፍቶ መያዝ ብቻ ነው።

ማዛጋት የአየር እጥረት ነውን?

ከልጅነታችን ጀምሮ “ሰው የሚያዛጋው አየር ሲያንሰው ነው” ሲባል ሰምተናል። ሲፓፕ የሚጠቀም ሰውም ሲያዛጋ “እንግዲያው ሌሊት ኦክስጅኔ አልተስተካከለም” ብሎ ይደነግጣል። ነገር ግን ይህ አስተሳሰብ ተፈትኖ ወድቋል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ያስተምር የነበረው ሮበርት ፕሮቫይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን አንድ ጊዜ ንጹሕ ኦክስጅን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር እንዲተነፍሱ አደረገ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ተማሪዎቹ ቶሎ ቶሎ ተነፈሱ፤ የማዛጋታቸው ቁጥር ግን አልጨመረም። ኦክስጅኑም አልቀነሰውም። ደግሞም በማኅፀን ያለ ፅንስ ያዛጋል፤ ይህም በአልትራሳውንድ ታይቷል። ፅንስ አየር አይተነፍስም።

ታዲያ ሰው ለምን ያዛጋል? ሁሉን የሚያስማማ መልስ እስካሁን የለም። አንድሩ ጋለፕ የተባለው ተመራማሪ ከ2007 ጀምሮ ማዛጋት አንጎልን ለማቀዝቀዝ ነው ሲል ቆይቷል፤ ግንባራቸው ላይ ቀዝቃዛ ነገር የያዙ ሰዎች ሌላ ሰው ሲያዛጋ እያዩ ብዙም እንዳላዛጉ ጽፏል፤ ይህ ግን ገና የሚያከራክር ሐሳብ ነው። ይልቅ በግልጽ የሚታወቀው ማዛጋት መቼ እንደሚመጣ ነው፦ ከመተኛት በፊት፣ ከእንቅልፍ ሲነቁ፣ ትኩረት ሲደክም፣ አንድ ቦታ ያለ እንቅስቃሴ ሲቀመጡና ሌላ ሰው ሲያዛጋ ሲያዩ። ስለ ማዛጋት ማንበብ ብቻ እንኳ ያዛጋል። እዚህ ድረስ ስታነቡ አንድ ሁለት ጊዜ አዛግታችሁ ከሆነ ሕመም አይደለም።

ስለዚህ ማዛጋትን ከእንቅልፍ መጫን መለየት ያስፈልጋል። የሚያዛጋ ሰው ሁሉ እንቅልፍ አላነሰውም፤ እንቅልፍ ያነሰው ሰውም ሁልጊዜ ላያዛጋ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ለመለየት ከሚጠቀሙባቸው መጠይቆች አንዱ በአውስትራሊያዊው ሐኪም መሬይ ጆንስ ተዘጋጅቶ በ1991 የወጣው የኤፕወርዝ መለኪያ ነው። ስምንት ጥያቄዎች አሉት። ተቀምጠው ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ብዙ ሰው ባለበት ስብሰባ ዝም ብለው ሲቀመጡ፣ ከምሳ በኋላ፣ በመኪና ውስጥ ሳሉና በመሳሰሉት ጊዜያት እንቅልፍ ሸለብ የማድረጉ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ይሰጣል። ድምሩ ከ24 ይታሰባል፤ ከ10 በላይ ከሆነ ቀን የሚመጣው እንቅልፍ ከመጠን ያለፈ ነው ይባላል። ብዙ እያዛጋችሁ ድምሩ 4 ወይም 5 ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ 15 ከሆነ ፍጹም ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ቁጠሩ

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ ብዙ ጊዜም ታልፎ የሚሄደው፣ ሰውየው ስንት ሰዓት ተኛ የሚለው ነው። ማሽኑ ጉሮሮን ይከፍታል እንጂ ሰዓት አይጨምርም። ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ ወይም ሌሊት በነርሲንግ ሆም ሠርቶ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ ጋደም የሚል ወገናችን ስንት ሰዓት ይተኛል? በዚህ ላይ ዓርብ ማታ የአዳር ጸሎት አለ፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቀደም ብሎ መነሣት አለ። በ5 ሰዓት እንቅልፍ ለሚኖር ሰው ማዛጋቱ የማሽኑ ጥፋት አይደለም። የአዳር ጸሎት ይቅር ማለቴ አይደለም። ከአዳር በኋላ የሚተኛበት ሰዓት ግን አስቀድሞ ይታሰብበት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ገብተው ሶፋ ላይ ጋደም ሲሉም ማሽኑ ይደረግ። ለአጭር የቀን እንቅልፍም ጉሮሮ ያው ጉሮሮ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሽኑ በፊት ላይ የቆየበት ሰዓት ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር ለማሽኑ መክፈሉን ለመቀጠል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምን ይጠይቃል፤ ሌሎች የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው “4 ሰዓት ካደረግሁ በቃ” ብሎ ያስባል። ይህ የከፋዩ ዝቅተኛ ልክ እንጂ የጤና ልክ አይደለም። ቴሪ ዊቨርና ባልደረቦቿ በ2007 ያሳተሙት ጥናት ሰዎች ራሳቸው የሚሰማቸው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት 4 ሰዓት አካባቢ ሲቀንስ፣ በላቦራቶሪ የሚለካው የቀን እንቅልፍ ግን እስከ 6 ሰዓት፣ የዕለት ተዕለት ሥራን የማከናወን ብቃት ደግሞ እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ ሲሻሻል አሳይቷል።

እነዚያ ቀሪዎቹ ሰዓታት ደግሞ ተራ ሰዓታት አይደሉም። ሕልም የምናይበት እንቅልፍ በብዛት የሚመጣው ወደ ንጋት ነው፤ በዚያን ጊዜ ጡንቻዎች ከወትሮው ይበልጥ ስለሚላሉ በብዙ ሰዎች ትንፋሽ የሚቋረጠው ያን ጊዜ በርትቶ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሽንት ተነሥቶ ጭምብሉን ሳያደርግ የሚመለስ ሰው፣ ማሽኑን የሚያወልቀው እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። መጀመሪያ የተኛበትን 4 ሰዓት አክሞ የመጨረሻውን 3 ሰዓት ለሕመሙ ይተዋል ማለት ነው፤ ጠዋትም እያዛጋ ይነሣል።

ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ጠዋት አዲስ ሰው ሆኖ ይነሣል፤ ሌላው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲቆራረጥ የኖረ እንቅልፍ በሦስት ሌሊት ካልተስተካከለ አይግረማችሁ።

ጭምብሉና የማሽኑ መዝገብ

ሰዓቱ በቂ ሆኖ ማዛጋቱ ከቀጠለ ወደ ማሽኑ እንመለስ። ዛሬ ያሉት ማሽኖች ሌሊቱን ሙሉ ይመዘግባሉ፤ ጠዋት በመስኮታቸው ወይም በስልክ ላይ ባለው መተግበሪያ ይታያል። ሦስት ቁጥሮችን ተመልከቱ። አንደኛው የተጠቀማችሁበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየው ሲሆን ከ5 በታች ቢሆን ይፈለጋል። ሦስተኛው ከጭምብሉ ዳር የሚያፈስሰው አየር ነው። በሬስሜድ ማሽኖች ለምሳሌ ይህ በደቂቃ ከ24 ሊትር ሲያልፍ እንደ ብዙ ይቆጠራል።

አየር ሲያፈስስ ሁለት ጉዳት አለው፤ ግፊቱ ጉሮሮ ጋር ሳይደርስ ይቀራል፣ ድምፁና ዓይን ላይ የሚነፋው ንፋስም ሰውየውን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ የፊት ወዝ የጭምብሉን ላስቲክ ያንሸራትተዋል፣ ስለዚህ በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። ያረጀ ላስቲክ ይቀየር። ጢም ያሳደጉ ወንድሞች ለጢም የሚመች ቅርፅ ይጠይቁ። ፀጉራቸውን የተሠሩ እህቶች ማሰሪያው ሹሩባው ላይ እየተንሸራተተ እንደሚያስቸግራቸው የታወቀ ነው፤ በስስ ሻሽ ላይ ማሰር ወይም ማሰሪያው በሌላ አቅጣጫ የሚያልፍበትን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። የአፍንጫ ጭምብል የሚያደርግ ሰው አፉን ከፍቶ የሚተኛ ከሆነ አየሩ በአፉ ይወጣል፤ ጠዋት አፉ ደርቆ መነሣቱ ምልክት ነው። አፍንጫን የሚዘጋ አለርጂ ካለ አስቀድሞ ይታከም፤ የማሽኑ የውሃ ማጠራቀሚያም ባዶ ሆኖ አይደር።

ሌላም አለ። ግፊቱ አንዳንድ ጊዜ በአፍንጫ ጀርባ አልፎ ጆሮን ደፈን ያደርጋል፤ ሰውየውም ጆሮውን ለመክፈት ሳያውቀው ጠዋት ደጋግሞ ያዛጋል። ይህ ከእንቅልፍ ማነስ ጋር አይገናኝም፤ ካስቸገረ ግን ለሐኪሙ ይነገር። ግፊቱን በራስ መቀነስ አይገባም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጭምብሉ ሳያፈስስ የመቋረጡ ቁጥር ከፍ ይላል። ግፊቱ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ክብደት ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሌላ ዓይነት መቋረጥ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ጉሮሮ ተዘግቶ ሳይሆን አንጎል ራሱ “ተንፍስ” የሚለውን ትእዛዝ ለጊዜው ሲያቆም የሚሆን ነው። ሲፓፕ በጀመሩ አንዳንድ ሰዎች ይታያል፤ በአብዛኞቹ ከጊዜ ጋር ይጠፋል፤ ካልጠፋ ሐኪሙ የማሽኑን ዓይነት ሊለውጥ ይችላል። ከፍታ ቦታም ይህን ያመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፉ ቢረበሽና ቀን ቢያዛጋ የሰዓቱ መለዋወጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። የማሽኑን የኃይል ሳጥን ጀርባም አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ይሠራል፣ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስተካከያ ብቻ ነው። መብራት ለሚጠፋባቸው ሌሊቶች ደግሞ ለማሽኑ የተሠራ ባትሪ አለ።

ከማሽኑ ውጭ ያሉ ምክንያቶች

ቁጥሩ ሁሉ መልካም ሆኖ ማዛጋቱ ካልቀረ ወደ መድኃኒት ሳጥናችሁ ተመልከቱ። ለመንፈስ ጭንቀትና ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ፕሮዛክ ተብሎ የሚታወቀው ፍሉኦክሰቲን፣ ዞሎፍት የሚባለው ሰርትራሊንና ሲታሎፕራም፣ እንቅልፍ ሳይኖር እንኳ ደጋግሞ ማዛጋትን ሊያመጡ ይችላሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ የሚደበቅ ነገር ሆኗል፤ ሰው ለሚስቱ ሳይነግር ይወስዳል፣ ለእንቅልፍ ሐኪሙም ሳይጠቅስ ያልፋል። ሐኪሙም ያልተነገረውን ምክንያት ፍለጋ የማሽኑን ግፊት ሲያወጣና ሲያወርድ ይከርማል። ንገሩት። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ለአለርጂ የሚወሰደው ቤናድሪልም እስከ ማግሥቱ ድረስ ሊያደነዝዝ ይችላል። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስና ድብርት ራሱም ሰውን ያደክማሉ፤ በደም ምርመራና በጥያቄ የሚለዩ ናቸው።

ስለ ቡናም አንድ ቃል። የሚያዛጋ ሰው ሲታይ “ቡና አልጠጣህም እንዴ?” ይባላል፤ እውነት አለው፤ የለመደ ሰው ሲቀርበት ሐራራው ያዛጋዋል። ነገር ግን በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከ5 እስከ 6 ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ በሰውነት ውስጥ ይገኛል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ሌሊቱ ሲጋመስ ገና ቡናው ከእርሱ ጋር ነው፤ እንቅልፉ ይሳሳል፣ በማግሥቱ ያዛጋል፣ ለማዛጋቱም ሌላ ቡና ይጠጣል።

ጉባኤ ላይ ማዛጋት

ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በስብከት መካከል የሚያዛጋ ሰው ብዙ ጊዜ በመንፈሳዊ ሕይወቱ እንደ ቀዘቀዘ ይታያል፤ “የእንቅልፍ መንፈስ ነው” ተብሎ የተገሠጸም አለ። ሞቅ ያለ አዳራሽ፣ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥና ረዘም ያለ ንግግር ጤነኛውንም ያዛጋሉ፤ አንዱ ካዛጋ ወንበሩ ሁሉ ይከተላል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 የተጻፈው ጎልማሳው አውጤኪስ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር እንቅልፍ ከብዶት ከሦስተኛው ፎቅ ወደቀ፤ ጳውሎስም ወርዶ አቀፈው እንጂ ገሠጸው የሚል አልተጻፈም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የተጸለየለት ሰው “ተፈውሻለሁ” ብሎ በዚያው ሌሊት ማሽኑን ሲተው ይታያል። የተፈወሰ ሰው እንደገና በእንቅልፍ ምርመራ ቢረጋገጥለት ምስክርነቱ ይጸናል እንጂ አይፈርስም። እስከዚያ ድረስ ማሽኑን ማድረግ አለማመን አይደለም፤ መነጽር ማድረግ አለማመን ካልሆነ።

መሪ ላይ ስትቀመጡ

ማዛጋት በሌላ ቦታ ቢታገሡት በመኪና ውስጥ አይታለፍም። እየነዱ ደጋግሞ ማዛጋት፣ የዓይን ሽፋን መክበድ፣ ያለፉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች አለማስታወስ፣ ከመሥመር መውጣት፤ እነዚህ ሁሉ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ እንደተቃረበ የሚናገሩ ናቸው። መስኮት መክፈትም ሆነ መዝሙሩን ከፍ ማድረግ አያድንም። ከመንገድ ወጥታችሁ አስተማማኝ ቦታ ቁሙ፤ ቡና ጠጡና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተኙ፤ ያም ለጊዜው ብቻ ነው። በታክሲና በጭነት መኪና ለሚተዳደሩ ወገኖች ይህ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ግን የእናንተን የእንቅልፍ ሰዓት አያውቅም።

ድንገት የጀመረ ብዙ ማዛጋት በአንድ በኩል ካለ የእጅ ወይም የፊት መድከም፣ ከንግግር መንተባተብ ወይም ከደረት ሕመም ጋር ከመጣ የማሽን ጉዳይ አይደለምና ወዲያውኑ 911 ይደወል።

በበቂ ሰዓት ተኝተው፣ ማሽኑን በሚገባ ተጠቅመው፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ ተመርምሮ አሁንም እንቅልፍ የሚጫናቸው ሰዎች አሉ። ይህ የታወቀ ነገር ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ወደ ሐኪም ስትሄዱ የሁለት ሳምንት የመኝታና የመነሻ ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ፣ የማሽኑን መዝገብና የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትዳር ጓደኛችሁም አብራችሁ ብትሄድ ወይም ቢሄድ ይጠቅማል። ለእንዲህ ያለው ቀሪ እንቅልፍ በአሜሪካ ሞዳፊኒል ከ2004፣ ሶልሪያምፌቶል ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ተፈቅደዋል። ውፍረት ላለባቸውና ሕመሙ መካከለኛ ወይም ከባድ ለሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ክብደት የሚቀንሰው ቲርዜፓታይድ በታኅሣሥ 2024 ለስሊፕ አፕኒያ ተፈቅዷል። ሞዳፊኒልና ሶልሪያምፌቶል ጉሮሮን ስለማይከፍቱ ማሽኑ ከእነርሱ ጋር ይቀጥላል፤ ሶልሪያምፌቶል የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችልም ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ግፊታችሁን ይለካል።